ከጨፌ እስከ አራት ኪሎ፦ አንድ አፈ ጉባኤ የሄዱበት መንገድና የእኛ አቤቱታ



ሚያዝያ 11 ቀን 2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይዘሮ ሙፈሪሃት ካሚልን አፈ ጉባኤው አድርጎ መርጧል። ወንበሩን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ ሙስሊምም ናቸው። ዜናው ከዋጃ እስከ ቆቦ ባሉ ጀማዓዎች ዘንድ እንዴት እንደተወደደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመግሪብ በኋላ በየመስጊዱ በር ይወራ የነበረው ይኸው ነበር። ልጁ በሻርፗ ምክንያት ከትምህርት ቤት በር የተመለሰችበት አባት፣ ሻርፕ ያደረጉ እናት የአገሪቱን ምክር ቤት ሲመሩ በቴሌቪዥን አይቶ እንባው ቢመጣ ማን ይፈርድበታል?

ደስታውን አንነቅፍም። ነገር ግን ከደስታው ጋር ተያይዞ አንድ ወሬ ይዞር ነበር። «ከእንግዲህ የእኛ ሰው ወንበር ላይ ወጥቷል፤ ድምፃችን ተሰማ፤ ቀሪውን ለእሳቸው እንተው» የሚል ወሬ ነበር። ይህን ወሬ ሽማግሌውም ወጣቱም ሲለው ሰምተናል። ስለዚህ በዚህ እትም ወይዘሮ ሙፈሪሃትን ለጊዜው ትተን ከእሳቸው በፊት በዚያው ወንበር ሰባት ዓመት ተኩል ስለተቀመጡት ሰው ልንጽፍ ወደድን። ወንበሩ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ የሚታወቀው በተቀመጠበት ሰው ታሪክ ነውና።

አቶ አባዱላ ገመዳ ወደ ምክር ቤት የመጡት በወታደር ቤት በኩል ነው። በደርግ ጦር ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ኢሕዴን ገቡ፤ ኦሕዴድ በ1982 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በመከላከያ ሠራዊት እስከ ሜጀር ጄኔራልነት ደረሱ፤ በኤርትራ ጦርነትም ከአዛዦቹ መካከል ነበሩ። በ1994 የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ የደንብ ልብሳቸውን አወለቁ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ነው ስለሚል። በ1998 መጀመሪያ ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ሆነው ጨፌ ኦሮሚያ ገቡ። አምስት ዓመት ያህል በክልል ቆዩና በ2003 መጀመሪያ ወደ አራት ኪሎ ተሻግረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ከእሳቸው በፊት አቶ ዳዊት ዮሐንስ አሥር ዓመት፣ አቶ ተሾመ ቶጋ አምስት ዓመት ይዘውት የነበረ ወንበር ነው።

ጦር ሜዳ፣ ሚኒስቴር፣ ክልል ምክር ቤት፣ የፌዴራል ምክር ቤት። እንዲህ ተደርድሮ ሲታይ ትልቅ ሰው ያሰኛል፤ ትልቅ ሰውም ናቸው። ግን በእያንዳንዱ እርከን ላይ «ማን አነሣቸው፣ ማንስ አስቀመጣቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሚኒስቴሩ ወደ ክልሉ የላካቸው ድርጅታቸው ነው። ከክልሉ ወደ አራት ኪሎ የወሰዳቸውም ድርጅታቸው ነው። መራጩ ሕዝብ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ብቅ ብሎ ድምፁን ሰጥቶ ይመለሳል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫ ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጪ የወጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንድ ከመድረክ፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ። በ2007 እነዚያም ሁለቱ ጠፉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ተወካዩ የሚፈራው መራጩን ሳይሆን ስሙን ዝርዝር ላይ የሚጽፈውን ነው። ይህን የምንለው አቶ አባዱላን ለማሳነስ አይደለም። ማንም ቢቀመጥ ያው ነበር፤ ነገሩ የሚከፋውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በ2004 ምን እንደተፈጠረ ለወጣቶቹ እንደገና መናገር ያስፈልጋል፤ ያኔ አሥር ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ዛሬ ጀማዓ ውስጥ ከጎናችን ቆመው ይሰግዳሉና። በ2003 ክረምት የአህባሽ ሥልጠና በመንግሥትና በመጅሊሱ ትብብር ተጀመረ። በ2004 የአወሊያ መምህራን ተባረሩ፤ ከጥር ወር ጀምሮ ሕዝበ ሙስሊሙ በየጁሙዓው አወሊያ ግቢ ተሰባሰበ፤ 17 አባላት ያሉት ኮሚቴም ተመረጠ። ጥያቄው ሦስት ነበር፦ አወሊያ በሕዝበ ሙስሊሙ በተመረጠ ቦርድ ይመራ፤ የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ በነፃነት ይካሄድ፤ አህባሽን በግድ መጫን ይቁም። ኮሚቴዎቻችን እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴርን በር አንኳኩ፤ ተነጋገሩም። መልሱ አላጠገበም።

ከዚያ ሚያዝያ 9 ቀን 2004 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአቶ አባዱላ የሚመራው ምክር ቤት ፊት ቀርበው ስለ እኛ ተናገሩ። ስለ ሰለፊዎችና ስለ አልቃኢዳ ተናገሩ፤ በባሌና በአርሲ ሴል ተገኘ አሉ። ያን ንግግር የሰማ ሙስሊም ሁሉ የት ሆኖ እንደሰማው ያስታውሳል። በዚያው ወር በአርሲ አሳሳ የሰው ሕይወት ጠፋ። በሐምሌ ኮሚቴዎቹ ታሰሩ። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊሱ ምርጫ በመስጊድ መሆኑ ቀርቶ በቀበሌ አዳራሽ ተደረገ፤ በጥቅምት እዚሁ በወሎአችን፣ በደቡብ ወሎ ገርባ ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ኮሚቴዎቹ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ፤ ሐምሌ 27 ቀን 2007 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በይቅርታ እየተቆራረጠ የወጣው ወጣ፤ በ2010 በየካቲት ከተፈቱት እስረኞች መካከልም የእኛ ወንድሞች ነበሩበት። አልሐምዱሊላህ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ምክር ቤቱ ምን አደረገ? ይህን ስንጠይቅ ለአቶ አባዱላ ፍትሐዊ መሆን አለብን። የፀረ ሽብር አዋጁ የወጣው እሳቸው አፈ ጉባኤ ከመሆናቸው በፊት ነው። ፖሊስ አላዘዙም፤ ዳኛም አልነበሩም። አፈ ጉባኤ ስብሰባ ይመራል፣ አጀንዳ ያስይዛል፣ ለተናጋሪ ዕድል ይሰጣል። ግን ሕገ መንግሥቱ ለዚያ ምክር ቤት የሰጠው ሥልጣን ትንሽ አይደለም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ይወያያል፣ እርምጃም ይወስዳል ይላል። ከ547 አንድ ሦስተኛው 183 ሰው ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ 183 ሰው «የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስትሩ ይጠሩልን፤ እነዚህ ሙስሊሞች የሚሉትንም ከራሳቸው አንደበት እንስማ» ብሎ አልፈረመም። በዚያ አዳራሽ ስለ እኛ ተወራ እንጂ እኛ አልተሰማንም።

ታዲያ በዚያ ጊዜ ምክር ቤቱ ውስጥ፣ ካቢኔው ውስጥ ሙስሊም አልነበረም? ነበረ እንጂ። የአቶ ጁነዲን ሳዶን ነገር አስታውሱ። ከአቶ አባዱላ በፊት የኦሮሚያን ክልል ፕሬዚዳንትነት የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ ከ1994 እስከ 1998። ከዚያ ወደ ፌዴራል ተሻግረው በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2004 የሲቪል ሰርቪስ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያው ክረምት ባለቤታቸው ታሰሩ፤ በኋላም ከኮሚቴዎቻችን ጋር በአንድ መዝገብ ተከሰሱ። አቶ ጁነዲን ባለቤታቸውን የሚከላከል ጽሑፍ በጋዜጣ አወጡ። ያን ካደረጉ በኋላ ከድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚነት ወረዱ፤ በ2005 ከሚኒስትርነታቸው ተነሡ፤ ተሰደዱም። ክልል ያስተዳደረ፣ ሦስት ጊዜ ሚኒስትር የሆነ ሙስሊም የገዛ ቤቱን ደጅ መጠበቅ አልቻለም። ይህን የምናነሣው ቁስል ለመነካካት ብለን አይደለም፤ «የእኛ ሰው ወንበር ላይ ወጥቷል» ለሚለው ወሬ ከዚህ የቀረበ መልስ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ አቶ አባዱላ በመጨረሻው ዓመታቸው ያደረጉትን እንይ፤ በእኛ ግምት ከጠቅላላው ታሪካቸው ትልቁን ትምህርት የያዘው እሱ ነው።

በመስከረም 2010 መጨረሻ፣ ምክር ቤቱ ሊከፈት ሲል፣ ከአፈ ጉባኤነት ለመልቀቅ ማመልከቻ አስገቡ። በቴሌቪዥን ቀርበውም ምክንያታቸውን ተናገሩ፤ ሕዝባቸውና ድርጅታቸው መከበር ባለባቸው መጠን አልተከበሩም የሚል ነበር። ብዙ ሰው ተደነቀ። በዚህች አገር በፈቃዱ ከወንበር የሚወርድ ሰው ብርቅ ነውና። እኛም ያን ቀን «ሰውየው ከሰባት ዓመት በኋላ ቃል አወጣ» ብለን ነበር። ሆኖም ወራት አልፈው ኢሕአዴግ ረጅሙን ስብሰባውን ሲጨርስ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ለመልቀቅ ያመለከቱት ለምክር ቤቱ ነው፤ የመቅረታቸው ነገር የተቆረጠው ግን በድርጅቱ ስብሰባ ነው። ሥልጣኑ የት እንደሚያድር ከዚህ በላይ ምን ይናገራል?

ከዚያ የካቲት 23 መጣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለምክር ቤቱ ቀረበ። አንቀጽ 93 እንዲህ ያለው አዋጅ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል ይላል፤ የ547 ሁለት ሦስተኛ 365 ነው። አቶ አባዱላ ከወንበራቸው ሆነው በቀጥታ ሥርጭት ውጤቱን አነበቡ፦ 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተዓቅቦ። በስልካችን ላይ ደምረን «አልሞላም!» ያልን ብዙዎች ነን። ብዙም ሳይቆይ የተነበበው ቁጥር ስሕተት ነው፣ የደገፉት 395 ናቸው ተባለ። በ346 ቢደመር በአዳራሹ የነበሩት 441 ይሆናሉ፤ በ395 ቢደመር 490። አርባ ዘጠኝ ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ታየም ጠፋም ማለት ነው። በአንድ ዳስ ውስጥ የሠርግ እንግዳ ሲቆጠር እንኳ አርባ ዘጠኝ ሰው አይሳትም፤ ወጥ የሚጨልፉት ሴቶች ወዲያው ያውቁታልና።

ሰው ሁሉ ያወራው ስለ 346ቱና ስለ 395ቱ ነው። እኛ ግን ዓይናችን ያረፈው 88ቱ ላይ ነው። በ2007 መቶ በመቶ በአንድ ግንባርና በአጋሮቹ የተሞላ ምክር ቤት ነበር። እነዚህ 88 ሰዎች በዚያው ዝርዝር፣ በዚያው ድርጅት የገቡ ናቸው። ምን ነካቸው? መልሱ ከአዳራሹ ውጪ ነው። የምርጫ ክልላቸው ሰው ስልክ ደውሎላቸዋል፤ ቤተሰባቸው፣ ሽማግሌዎቻቸው፣ የመንደራቸው ወጣቶች «ይህን አዋጅ ብታጸድቅ ወደዚህ አትመለስ» ብለዋቸዋል። ሦስት ዓመት መንገድ ላይ የቆየ ሕዝብ ፍርሃቱን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወረው፤ ተወካዩ ዝርዝር ጸሐፊውን ከሚፈራው በላይ መራጩን የፈራበት አንድ ቀን ሆነ። ያ ቁጥር አዋጁን አልጣለም። ሆኖም ከ183ቱ ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው?

ደረሶቻችን ኪታብ ሲቀሩ የወካላን ባብ ያልፉበታል። የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው ወኪል ወኪል የሚሆነው ባስወከለው ሰው ፈቃድ ነው፤ ከተሰጠው ወሰን ቢያልፍ ይጠየቃል፤ አስወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ያነሣል። ገበያ ላይ በግ እንዲሸጥልህ የላክኸው ሰው የበጉን ዋጋ ሳይነግርህ ቢቀር ዝም አትለውም። ኪታብ ያልቀራም ቢሆን የእኛ የራያ ቆላ ገበሬ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ከላይ ከተራራው ጎርፍ ሲመጣ ወደ ማሽላው ማሳ የሚጠልፈው ሕዝቡ ተሰባስቦ ነው፤ ውሃውን የሚያካፍለውንም ሰው ሕዝቡ ይመርጣል። ያ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ውሃውን ወደ አማቹ ማሳ ቢለቅ በሚቀጥለው ጎርፍ አካፋዩ ሌላ ነው። አምስት ዓመት አይጠበቅም። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ይህን አልረሳውም፤ አንቀጽ 12 እና አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሣት ይችላል ይላሉ። ከተጻፈ ብዙ ዓመታት ያለፉት አንቀጽ ነው። በዚህ ወረዳ ተጠቅመንበታል የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረን።

የሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሚያዝያ 2 ቀን 2010፣ ማለትም ወይዘሮ ሙፈሪሃት ከመመረጣቸው ዘጠኝ ቀን ቀድሞ፣ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128ን አጸደቀ። ያን ሐሳብ ተሸክመው ከሮጡት የምክር ቤት አባላት አንዱ የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ናቸው። እሳቸውም እንደ አቶ አባዱላ ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው። እንደ አቶ አባዱላም መጀመሪያ በክልላቸው፣ በኮሎራዶ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አገልግለዋል፤ ወደ ዋሽንግተን የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ኢትዮጵያዊ አይደሉም፤ ሙስሊም አይደሉም። አንድ ነገር ግን አለ፦ የምርጫ ክልላቸው ኦሮራ የምትባለውን ከተማ ያካትት ነበር፤ እዚያ ብዙ የአገራችን ሰው ይኖራል፣ ዜግነት ወስዶም ይመርጣል፤ ተወካዩም በየሁለት ዓመቱ ድምፅ ፍለጋ ተመልሶ ይመጣል። የአገራችን ሰዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በሩን አንኳኩ፤ ደጋግመው አንኳኩ። ሰውየው ሰማቸው። አሜሪካን ለማሞገስ አይደለም፤ በሙስሊም አገሮች ላይ ያደረገችውን የማያውቅ ጀማዓ የለንም። የምንለው አንድ ነው። እዚያ ተወካዩ እንዲሮጥ ያደረገው ሃይማኖቱ ወይም ዘሩ አልነበረም፤ መራጩ ነበር።

በ2010 አፈ ጉባኤ ወደ ሆኑት ወይዘሮ ሙፈሪሃት ስንመለስ፣ ዱዓ እናድርግላቸው። የያዙት ወንበር አማና ነበር፤ ከባድ ነበር። ነገር ግን እሳቸው የእኛ ተወካይ አልነበሩም፤ የመረጣቸው ሕዝብ ሌላ ነበር። የእኛ ተወካይ ለምርጫ በመጣ ጊዜ ፖስተሩን በየሱቁ ግድግዳ ላይ ያየነው ሰው ነው። ስሙን የምታስታውሱ ስንት ናችሁ? ለአፈ ጉባኤ ደብዳቤ ብንጽፍ አንዱ ጸሐፊ ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። የራሳችን ተወካይ እጅ ላይ ስናስቀምጠው ግን ይዞት መግባት አለበት፤ ካልያዘው ደግሞ ለምን እንዳልያዘው የምንጠይቅበት ፊት አለው።

ዋጃ በሁለት ክልሎች ወሰን ላይ ያለች ከተማ ናት። በ2010 የዋጃ ሰው በክልል ጉዳይ መቀሌ፣ የቆቦው ባሕር ዳር ይሄድ ነበር፤ የዚህ ነገር ራሱ ሌላ እትም ይፈልጋል። የመስጊድና የመቃብር ቦታ፣ የትምህርት ቤት ሻርፕ ጉዳይ በአብዛኛው የሚቆረጠው በክልልና በወረዳ ስለሆነ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጀማዓ ወደየራሱ ምክር ቤት ይሂድ። የፌዴራሉ ጉዳይ ግን የጋራችን ነው፤ ዋጃም ቆቦም በአንድ ወረቀት ሊጠይቀው ይችላል።

በ2010 የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነው። ወንድሞቻችን ወጥተዋል፤ ያሰራቸው አዋጅ ግን በ2010 ገና በሥራ ላይ ነበር። በይቅርታ የወጣ ሰው በዚያው አዋጅ ሊመለስ ይችል ነበር። አዋጁን የሚያወጣውም የሚሽረውም ያ ምክር ቤት ነውና የእኛ ተወካይ በአዋጁ ላይ ምን አቋም እንዳለው በቃሉ ሊነግረን ይገባ ነበር። ሁለተኛው የመጅሊሱ ነገር ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 ሕጋዊ ሰውነቷ ታውቆላታል፤ መልካም ነው፣ ይገባታልም። የእኛ መጅሊስ ግን በ2010 ገና በምክር ቤት አዋጅ የቆመ ተቋም አልነበረም። አንቀጽ 27 የሃይማኖት ተከታዮች የአስተዳደር ተቋም ማቋቋም ይችላሉ ይላል። በሕግ ያልቆመን ቤት የመጣው ባለሥልጣን ሁሉ እንደ ፈቀደ ይገፋዋል፤ በ2005 በቀበሌ አዳራሽ የተደረገብን ይኸው ነው። መጅሊሱ በአዋጅ ይቁም፣ አመራሩም በመስጊድ በነፃ ይመረጥ ብለን ለመጠየቅ 2010 ጊዜው ነበር፤ መንግሥቱ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ይዞ ጆሮውን በከፈተበት ሰሞን።

ጊዜውም አጭር ነበር። ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። በ2010 ረመዳን የሚገባው በግንቦት 9 አካባቢ ነበር። ስለዚህ የምንሠራበት ጊዜ ረመዳን ራሱ ነበር። በየመስጊዱ ከተራዊሕ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ባለበት ሰዓት ኢማሙና ሽማግሌዎቹ ሦስት ሰው ይምረጡ፤ አንዱ ጽሕፈት የሚችል ይሁን። ሴቶችም ከመካከላቸው ይመረጡ፤ በ2004 አወሊያ ላይ ፀሐይ የመታቸው እነሱ ናቸውና በወረቀቱ ላይ ስማቸው አይጉደል። የጥያቄው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስድብ አይኑርበት፤ የማንም እምነት አይነካበት፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አንብበውት «እውነት ነው» የሚሉት ዓይነት ይሁን። ፈርሙልን ብንላቸው የሚፈርሙ ጎረቤቶች እንዳሉንም አንርሳ፤ የሽብር አዋጁ የእነሱንም ልጆች አስሯል።

ጽሑፉ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ለተወካዩ በእጁ ይሰጥ፤ ሲቀበል በሁለተኛው ቅጂ ላይ ይፈርም፤ ሦስተኛው በመስጊዱ ይቀመጥ። ተወካዩ አዲስ አበባ ነኝ፣ መምጣት አልችልም ቢል ሦስቱ ሰዎች የትራንስፖርት ገንዘብ ተዋጥቶላቸው ይሂዱ፤ ከቆቦ አዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ነው። የፈረመበትን ቅጂ የያዘ ሰው በኢድ ቀን ከኹጥባው በኋላ ለጀማዓው ያንብብ፤ ተወካዩ ምን እንደመለሰ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገር። ካልመለሰም «አልመለሰም» ይበል። ከዚያ በኋላ ስለ አንቀጽ 12 ለመነጋገር ጀማዓው ራሱ ይወስን።

የዋጃ ጀማዓ ወረቀቱን ለመጀመር ከረመዳን በፊት በነበረው የመጨረሻ ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ እንዲሰበሰብ ታቅዶ ነበር። የቆቦና የአካባቢው ጀማዓዎችም በዚያው ሰሞን ቢያደርጉት ከሰኔ 30 በፊት አንድ ላይ ማድረስ ይቻል ነበር።